ስለ ፈውስ ቤት ውሻና ስለ ሕመምተኛው ፈቃድ

ግልጽ ደብዳቤ

ለሚኒሶታ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ቦርድ፤
በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የግል የሕክምና ቤት ከፍታችሁ ለምታገለግሉ የሥነ ልቦና ሐኪሞች፤
እንዲሁም በእነዚሁ መንትያ ከተሞች ለምትኖሩ ወገኖቼ ሁሉ፤

ጉዳዩ፦ በሥነ ልቦና ሕክምና ቤት ውሻ ከመቅረቡ በፊት የሕመምተኛው ፈቃድ በሚገባው ቋንቋ እንዲጠየቅ ስለ ማመልከት

ክቡራን ሆይ፥

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝን ምክንያት ሳላስረዝም እገልጻለሁ። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በተቈረቈሩት በሁለቱ ከተሞች የሚኖረው የኢትዮጵያ ተወላጅ፥ ከጦርነት፥ ከስደት፥ ከእስራትና ከኀዘን ተሸክሞት የመጣውን የልብ ሸክም ለማራገፍ ቀስ በቀስ ወደ ሥነ ልቦና ሐኪሞች ደጅ መቅረብ በጀመረበት በዚህ ዘመን፥ ከእነዚሁ ሐኪሞች አንዳንዶቹ ለሥራቸው አጋዥ የሚሆን የሠለጠነ ውሻ በክፍላቸው ስለሚያኖሩ፥ ስንት ጊዜ ተመክሮና ተለምኖ የመጣ ሰው ውሻውን ከደጅ ባየ ጊዜ ቃል ሳይተነፍስ ወደ ኋላው ሲመለስ አይቻለሁ። ውሻው ለሕክምናው የሚሰጠው ጥቅም እውነተኛ መሆኑን አምናለሁ፤ የወገኖቼም መሸሽ በቂ ምክንያት ያለው መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱን የሚያስታርቅ አንድ ነገር እለምናለሁ፤ እርሱም ውሻው ከሕመምተኛው ፊት ከመቅረቡ አስቀድሞ፥ ገና ቀጠሮው ሲያዝ፥ ሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ ፈቃዱ እንዲጠየቅ ነው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲታይ፥ አስቀድሜ የሥነ ልቦና ሐኪም ማን እንደ ሆነ ለወገኖቼ ልናገር። በአገራችን መንፈሱ የታወከ ሰው ለብዙ ዘመን የሚያውቀው ሁለት ደጅ ነበረ፤ አንደኛው የጠበሉ ቦታ፥ ሁለተኛው በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ነው። አማኑኤል ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ስለ ኖረ፥ «ወደ አማኑኤል ሄደ» መባል ብቻውን ለሰውየው ነውር፥ ለቤተሰቡም መሸማቀቂያ ነበረ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረው ገና በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ የተነሣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ወገናችን፥ እንቅልፍ ያጣ፥ ሌሊት በሕልሙ የሚጮኽ፥ ልጆቹን ያለ ምክንያት የሚቈጣ ቢሆን እንኳ፥ «እኔ አላበድሁም» እያለ ሕመሙን ይሸሽጋል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደማይገኝለት ከአያቶቹ እየሰማ ያደገ ሰው፥ ይህ በሽታ ሲሆን ብቻ ምሳሌውን ይረሳዋል።

የሥነ ልቦና ሐኪም መርፌ አይወጋም፥ ክኒን አያዝዝም፥ በር ዘግቶም ማንንም አያስርም። በሚኒሶታ ይህን ማዕርግ የሚያገኘው በዶክትሬት ደረጃ የተማረ፥ በሌላ ባለሙያ ቍጥጥር ሥር የተለማመደና ብሔራዊውን ፈተና ያለፈ ሰው ሲሆን፥ መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን የዚህ ግዛት ሕግ ስላልሰጠው መሣሪያው ጥያቄ፥ አርምሞ፥ ማስተዋልና ጊዜ ነው። በቀጠሮው ሰዓት ከሕመምተኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሰማል፤ የሰማውንም ምሥጢር፥ የሰው ሕይወት ለአደጋ ካልተጋለጠ ወይም ሕፃን ካልተበደለ፥ ወይም ይህን የመሰለ ሕግ የለየው ምክንያት ካልገጠመ በቀር፥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለማንም እንዳይገልጥ ሕግ ያስረዋል። የንስሐ አባት ያለው ሰው ይህን ሥርዐት ለመረዳት አይቸገርም፤ ሐኪሙ ሥልጣነ ክህነት ስለሌለው ኀጢአት አይፈታም፥ ቀኖናም አይሰጥም፤ ይሁን እንጂ ሰው በልቡ የቋጠረውን አውጥቶ ሲናገር እንደሚቀልለው ካህኑም ሐኪሙም በየበኩላቸው ያውቃሉ።

በዚህ የመደማመጥ ሥራ መካከል ውሻ እንዴት ገባ ቢሉ፥ ታሪኩ ከሚገመተው በላይ ረጅም ነው። ዊልያም ቱክ የተባለ የኩዌከር እምነት ተከታይ በ1796 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ሲከፍት፥ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ በነበረበት በዚያ ዘመን፥ በመጠለያው አደባባዮች ጥንቸልና ዶሮ የመሳሰሉ እንስሳት እንዲኖሩና ሕሙማኑም ከእነርሱ ጋር እንዲውሉ ተደረገ፤ ከራሱ የሚያንሰውን ፍጡር የሚንከባከብ ሰው ርኅራኄንና ራስን መግዛትን ይማራል ተብሎ ይታመን ነበርና። በቪየናም ሲግመንድ ፍሮይድ በእርጅናው ዘመን ጆፊ የምትባለውን ውሻውን ሕሙማኑን በሚያነጋግርበት ክፍል ያስተኛት ነበር። ልማዱን ወደ ሙያዊ ጽሑፍ ያደረሰው ግን በኒው ዮርክ የየሺቫ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው የሕፃናት የሥነ ልቦና ሐኪም ቦሪስ ሌቪንሰን ነው። አንድ ቀን ከሰው ጋር መነጋገርን የተወ ልጅ ከወላጁ ጋር ከቀጠሮው አስቀድሞ ቢደርስ፥ ጂንግልስ የተባለው የሐኪሙ ውሻ በአጋጣሚ በክፍሉ ስለ ነበረ ሮጦ ልሶ ተቀበለው፤ ከሰው የሚሸሸውም ልጅ ከውሻው አልሸሸም፤ ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ በልጁና በውሻው ጨዋታ መካከል ቀስ ብሎ እየገባ ከልጁ ጋር ለመነጋገር ቻለ። ሌቪንሰን ይህን በ1961 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ጉባኤ ላይ ሲናገር ከባልደረቦቹ የሳቁበት ነበሩ፤ እርሱ ግን ነገሩን በ1962 በጽሑፍ፥ በ1969ም በመጽሐፍ አስፍሮ ለተተኪዎቹ አስተላለፈ።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የውሻውን ጥቅም በመለኪያ ለመመርመር ሞክረዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. በቨርጂንያ በሆስፒታል በተኙ 230 የአእምሮ ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፥ ሕሙማኑ ከሠለጠነ ውሻ ጋር አንድ ጊዜ ከቈዩ በኋላ ጭንቀታቸው ሲቀንስ ታይቷል። በ2015 ደግሞ የጃፓን ሊቃውንት ውሻና ጌታው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ፥ እናትና ሕፃን ሲተያዩ የሚጨምረው ኦክሲቶሲን የተባለው ንጥረ ነገር በሁለቱም ሰውነት ውስጥ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ግኝት የተለካው ውሻውን ባሳደገውና በሚወደው ሰው ላይ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ውሻን ከልጅነቱ ጀምሮ በድንጋይ እየመከተ ያደገ ሰው በዚያው ውሻ ፊት ቢቀመጥ ልቡ ይረጋል ብሎ ከዚህ መደምደም አይቻልም። ሐኪሞቹም ራሳቸው ቢጠየቁ፥ ውሻው የሕክምናው አጋዥ እንጂ ሕክምናው እንዳልሆነ፥ ያለ እርሱም ሥራው በሙሉነት ሊፈጸም እንደሚችል ይመሰክራሉ።

ወገኖቼ በብዛት የማያውቁት ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም በዚህ አገር በሕዝብ መካከል የሚታዩት የሥራ ውሾች በሕግ ፊት አንድ አለመሆናቸው ነው። የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ የሚጠብቀው፥ ዓይነ ስውሩን የሚመራውን ወይም የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው የሚያስጠነቅቀውን፥ ለአንድ ጉዳተኛ ተብሎ ሥራ የተማረውን ውሻ ነው፤ ይህ ውሻ ከጌታው ጋር ወደ ሱቅ፥ ወደ ምግብ ቤት፥ ወደ ታክሲም ይገባል፥ ባለቤቱም ሊከለከል አይችልም። በሥነ ልቦና ሐኪሙ ክፍል የሚገኘው ውሻ ግን የሐኪሙ ረዳት ስለ ሆነ እንዲህ ያለ የመግባት መብት ሕጉ አይሰጠውም፤ የሚቀመጠው በሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ ስለዚህ ሕመምተኛው «አይቅረበኝ» ቢል የማንንም መብት አይነካም። ይህ ልዩነት ባለመታወቁ፥ ብዙ ሰው ውሻውን እምቢ ማለት ሕግን መጣስ፥ ወይም ሐኪሙን መስደብ እየመሰለው በዝምታ ይሸሻል።

በእርግጥ ውሻው ከመንገድ ተነሥቶ የመጣ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የአሜሪካ የውሾች ማኅበር ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው የመልካም ጠባይ ፈተና 10 ክፍሎች አሉት፤ ውሻው እንግዳ ሰው ቀርቦ ጌታውን ሲያነጋግር መታገሥን፥ ሲዳሰስ ጸጥ ብሎ መቀመጥን፥ በሰው ብዛት መካከል ገመዱን ሳይጎትት መሄድን፥ ሌላ ውሻ ሲያይ አለመቆጣትን፥ ጌታው ከዓይኑ ሲሰወር አለመሸበርን ማሳየት አለበት። ፔት ፓርትነርስ የተባለው ድርጅት ደግሞ ከአንድ ዓመት ዕድሜ በታች ያለውን ውሻ ለዚህ ሥራ አይቀበልም፥ የተቀበለውንም ከያዡ ጋር በየ2 ዓመቱ እንደገና ይመረምራል። በእኛም ከተማ የዚህ ዓይነት ውሾች እንግዳ አይደሉም፤ ስንቶቻችን የተቀበለን የሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አውሮፕላን ጣቢያ የመንገደኛውን ጭንቀት የሚያቀልሉ ውሾችን ከበጎ ፈቃደኛ ያዦቻቸው ጋር ያሰማራል፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም በፈተና የተጨነቁ ተማሪዎች ከእንስሳት ጋር የሚቀመጡበት መርሐ ግብር አለው፤ በሮቸስተር የሚገኘው ታላቁ የማዮ ክሊኒክም «ዶክተር ጃክ» የሚል ስም የወጣለት ትንሽ ውሻ ከሕሙማኑ ዘንድ እንዲገባ አድርጎ ነበር።

ክቡራን ሆይ፥ እስከዚህ የተናገርሁት ከውሻው ወገን ሆኜ ነው፤ አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ የሚያደርሱትን፥ በቅርብ የማውቃቸውን ሁለት ነገሮች፥ ባለቤቶቹ ስለ ፈቀዱልኝ ስማቸውንና ቦታውን ሠውሬ እናገራለሁ።

አንድ አባት ከስደት ያመጣው ልጁ በትምህርት ቤትም በቤትም መናገር ቢያቆምበት ወደ አንድ የሥነ ልቦና ሐኪም ቤት ደወለ። ቀጠሮውን የያዘችለት ሴት አስተርጓሚ በስልክ አስገብታ፥ «በክፍላችን ውሻ አለ፤ ልጅዎ ውሻ ይፈራል ወይ? እርስዎስ በሃይማኖትዎ ወይም በሌላ ምክንያት ያለ ውሻ እንዲሆን ይፈልጋሉ ወይ? ቢሉን ሌላ ክፍል እናዘጋጃለን» ብላ ጠየቀችው። አባትየው ጥቂት አስቦ፥ ውሻው ይኑር፥ ግን ልጁ ካልጠራው አይቅረበው ብሎ መለሰ። በመጀመሪያው ቀን ውሻው ከሐኪሟ ወንበር ሥር በምንጣፉ ላይ እንደ ተኛ አልተነሣም፤ ልጁም ከበሩ አጠገብ አልራቀም። በኋላ ግን ልጁ ከወንበሩ ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሐኪሟም ብሩሽ ብትሰጠው የውሻውን ጀርባ ከአንገቱ ወደ ጅራቱ ያበጥር ጀመር፤ ካበጠረም በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ፥ «ተኛ፤ አትነሣ፤ እኔ አለሁ» አለው። አባትየው ከኋላ ተቀምጦ የልጁን ድምፅ በሰማ ጊዜ እንባውን መያዝ አቃተው። ልጁ ቀጥሎ ለውሻው የነገረው፥ ቤታቸውን ጥለው በሌሊት ሲወጡ መቻል የሚባለው ውሻቸው ከአጥሩ ታስሮ መቅረቱን ነበር። አባትየው በዚያ ሌሊት ያሰበው የልጆቹን ነፍስ ስለ ማዳን ስለ ነበረ፥ ልጁ ይህን ኀዘን ብቻውን ተሸክሞ መኖሩን አላወቀም። ሐኪሟ አማርኛ አትሰማም፤ ነገር ግን አላቋረጠችውም፥ ምን አልህ ብላም አልቸኮለችም፤ ልጁ ተናግሮ እስኪጨርስ ታግሣ በኋላ በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀችው፥ እርሱም መለሰላት።

ሁለተኛው ነገር የአንዲት እናት ነው። ልጇን በጦርነት ያጣች፥ ከዚያ ወዲህ ምግብ የማይጥማት ሴት ናትና ዘመዶቿ ብዙ ለምነው ወደ ሌላ የሥነ ልቦና ሐኪም ወሰዷት፤ አብሬያቸው የሄድሁት እኔ ነበርሁ። ስለ ውሻ የነገረን ሰው አልነበረም። ከመጠበቂያው ክፍል ገብተን ሳንቀመጥ ማር የመሰለ ጠጉር ያለው ትልቅ ውሻ ጅራቱን እየቈላ ወደ እርሷ መጣ፤ እርሷም የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ ከግድግዳው ተጣብቃ አማተበች። ሐኪሙ በቅን ልብ ፈገግ ብሎ፥ ውሻው ሰው ወዳድ ነው፥ አይነክስም አለ፤ ተረጐምሁላት። እርሷም፥ «ልጄ፥ መናከሱን መቼ ጠየቅሁ? ነገ አስቀድሼ ልቈርብ ነው እኮ፤ ውሻ ልሶኝ እንዴት ብዬ እቆማለሁ?» አለችኝ፤ ይህን ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ዘመዶቿ ቢለምኗት ወደዚያም ሆነ ወደ ሌላ ሐኪም ደጅ አልተመለሰችም።

በሁለቱም ቤት ያሉት ውሾች የተማሩ፥ ሐኪሞቹም ደግ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ቤት ልጁን ከዝምታ ሲያወጣ ሁለተኛው እናቲቱን ከነኀዘኗ የመለሰው፥ በአንደኛው ጥያቄው በስልክ ስለ ቀደመና በሁለተኛው ስላልቀደመ ነው። ይህን ለማድረግ አዲስ ገንዘብ፥ አዲስ ሕንፃ፥ አዲስ ሕግም እንኳ አያስፈልግም።

የወገኖቼን መሸሽ እንደ አላዋቂነት የሚቈጥር ሰው ቢኖር፥ ምክንያቱን በትዕግሥት ይስማ። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፥ አብዛኞቹም በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ናቸው፥ ሰውን ከሚይዘውም 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በዚህ በሽታ የጎረቤቱን ልጅ ቀብሮ የመጣ ሰው ውሻ ሲያይ ቢያፈገፍግ፥ ፍርሃቱ ዕውቀት ነው። ሁለተኛው፥ በአገራችን ውሻ የአጥር ጠባቂ እንጂ የእልፍኝ ጓደኛ አለመሆኑ ነው፤ ቀን ታስሮ ሌሊት የሚፈታው ዘበኛ፥ ሥራው እንግዳን ማስፈራት ነው። ሦስተኛው የንጽሕና ሥርዐት ነው፤ የኦርቶዶክስ ምእመን ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ሲከለከል እያየ አድጎ፥ በቍርባን ዋዜማ ሰውነቱን ከእርሱ ይጠብቃል፤ በሐረርና በምሥራቁ የሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብም የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፥ ከሰባቱም አንዱ በአፈር እንዲታጠብ ያዝዛል። አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፥ በእስር ቤት ወይም በድንበር በዘበኛ ውሻ የተሳደደ ሰው መኖሩ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. በሚኒያፖሊስ የተመሠረተውና የግፍ ስቃይ ሰለባዎችን የሚያክመው ማዕከል፥ በኢትዮጵያ በስደተኞች ጣቢያዎችም ጭምር ያገለገለ በመሆኑ፥ ከተማችን እንዲህ ያለ ቍስል ያለባቸው ሰዎች መጠጊያ መሆኗን ይመሰክራል። ለእነዚህ ሰዎች ያልጠበቁት ውሻ ማለት የሸሹት ሌሊት እንደገና መምጣት ነው።

ነገር ግን ወገኖቼ ሆይ፥ እናንተም በፈንታችሁ ስሙኝ፤ ሃይማኖታችን ውሻን በርኅራኄ ደጅ ያቆመበት ስፍራ ብዙ ነውና። በቀኖናችን ከተቈጠሩት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በመጽሐፈ ጦቢት፥ የጦቢት ልጅ ጦብያ ቅዱስ ሩፋኤልን ባለማወቅ የመንገድ ጓደኛ አድርጎ ለአባቱ ዓይን ፈውስ የሚሆነውን መድኃኒት ይዞ በተመለሰበት በዚያ ጉዞ፥ ውሻው ተከትሏቸው እንደ ሄደ ተጽፏል፤ መልአኩ ውሻውን አላባረረውም። በተአምረ ማርያም የተነገረውን፥ በአብያተ ክርስቲያናችንም ግድግዳ የተሣለውን፥ እመቤታችን ለተጠማ ውሻ በጫማዋ ውሃ ያጠጣችበትን ተአምር ያላየ ማን ነው? ሙስሊም ወንድሞቼና እኅቶቼም፥ በውሃ ጥም ሊሞት ለቀረበ ውሻ በጫማ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኀጢአቱ እንደ ተማረለት የሚናገረውን ሐዲስ ታውቃላችሁ፤ በሱረቱል ከህፍም የዋሻው ወጣቶች ሲያንቀላፉ ውሻቸው ክንዶቹን ዘርግቶ ከደጃፉ መተኛቱ ተነግሯል። ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ጫማና በአንድ የተጠማ ውሻ ስለ ምሕረት ሲያስተምሩ፥ ከንጽሕና ሥርዐቱ ጋር የሚጋጭ ነገር አላዩበትም፤ ውሻን ሳይነኩ ለውሻ ማዘን፥ ከውሻ እየራቁም ውሻ ያለበትን የፈውስ ቤት ማክበር ይቻላልና።

እንግዲህ ልመናዬን በዝርዝር ላቅርብ። ለቦርዱ የምለምነው የመጀመሪያው ነገር፥ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የግብረ ገብ ደንብ ሐኪሙ የሕክምናውን ጠባይ ለሕመምተኛው በተቻለ መጠን ከጅምሩ አስረድቶ ፈቃዱን እንዲቀበል ስለሚያዝዝ፥ በክፍሉ ውሻ መኖሩ የሕክምናው ጠባይ ክፍል መሆኑን ለባለሙያዎቹ በግልጽ መመሪያ እንዲያሳስብልን ነው። ሁለተኛው፥ ይህ ጥያቄ በቀጠሮ መያዣው ቅጽና በስልክ፥ በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በትግርኛና በሶማሊኛ እንዲቀርብ ነው፤ ጥያቄውም «ውሻ ይወዳሉ?» በሚል አነጋገር ሳይሆን፥ እምቢታ ያለ ማብራሪያ ተቀባይነት እንዳለው በሚያሳይ አነጋገር ቢሆን ይሻላል፤ የእኛ ሰው ባለቤቱን እንዳያስቀይም ሲል ያልወደደውን ወደድሁ ይላልና። ሦስተኛው፥ ፈቃዱን የሰጠ ሰው በሌላ ቀን ሊያነሣው እንደሚችል፥ ለምሳሌ በጾም፥ በቍርባን ወይም በጸሎት ቀን ውሻው እንዳይኖር ቢሻ እንደሚፈጸምለት እንዲነገረው ነው። አራተኛው፥ ውሻው በጋራ መጠበቂያው ክፍል ሳይፈታ በሐኪሙ ክፍል እንዲውል ነው፤ በዚያ የሚቀመጠው ሰው ገና ፈቃዱን የሚናገርበት ጊዜ አላገኘምና።

ይህን ልመና ሳቀርብ በከተማችን የሆነውን አስታውሳለሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ጣቢያው አንዳንድ ታክሲ ነጂዎች ስለ ሃይማኖታቸው መጠጥ የያዘ መንገደኛን፥ ጥቂቶቹም ውሻ ያለውን አናሳፍርም ባሉ ጊዜ፥ የሜትሮፖሊታን ኤርፖርቶች ኮሚሽን መጀመሪያ እምቢ ያለው ለ30 ቀን፥ ዳግመኛ እምቢ ያለው ለ2 ዓመት ከሥራ እንዲታገድ ወሰነ። ዓይነ ስውር መንገደኛ ከነመሪው ውሻ መሳፈር መብቱ ነውና በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ጉዳዩ በቅጣት ከማለቁ በፊት በሕዝቡ መካከል የተዘራው ምሬት ለብዙ ጊዜ ቈይቷል። የሕክምናው ክፍል ከታክሲው የሚለየው፥ በዚህ ሰውን ማስገደድ ሕክምናውን ራሱን የሚያጠፋው በመሆኑ ነው፤ የተገደደ ሰው ልቡን አይከፍትም፥ ልቡ ያልተከፈተም ሰው አይፈወስም።

ለወገኖቼ የምለው አጭር ነው። ውሻውን እምቢ በሉ፥ ሐኪሙን ግን እምቢ አትበሉ። ስትደውሉ፥ «በቤታችሁ ውሻ አለ ወይ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቢኖርም፥ «ያለ ውሻ ነው የምፈልገው» ማለት ማንንም አያስቀይምም፤ በዚህ አገር ባህል ግልጽ ቃል ከዝምታ ይልቅ ይከበራል። ልጆቻችሁ ግን እዚህ ተወልደው ወይም አድገው ውሻ የሚወዱ ከሆነ፥ የእናንተ ፍርሃት የእነርሱን መድኃኒት አይዝጋባቸው፤ ልጁ ከውሻው ጋር ሲቀመጥ እናንተ በሌላ ክፍል ብትቈዩ፥ ወደ ቤት ስትመለሱም እጁንና ልብሱን ብታሳጥቡ ይበቃል። ለአባቶች ካህናትና ለኢማሞችም የማቀርበው ልመና አለኝ፤ በስብከታችሁና በኹጥባችሁ፥ በጠበልና በጸሎት መጽናት የሐኪምን ደጅ እንደማይዘጋ፥ በሐኪሙ ቤት ውሻ መኖሩም ቤቱን የረከሰ እንደማያደርገው ንገሩልን፤ የውሻ ምራቅ ልብሱን የነካው ሰውም ምን ማድረግ እንዳለበት ሥርዐቱን በግልጽ አስተምሩት፤ ብዙ ሰው የሚሸሸው ስለ ሥርዐቱ ሳይሆን ሥርዐቱን ባለማወቁ ነውና።

ክቡራን ሆይ፥ ወደ እናንተ የሚመጣው ወገናችን ከደጃችሁ ለመድረስ የተሻገረው ባሕር ብቻ አይደለም፤ ነውርን፥ ሐሜትንና የራሱን ጥርጣሬም ተሻግሯል። እዚህ ከደረሰ በኋላ በአንድ ያልተነገረ ነገር ምክንያት እንዳይመለስ ማድረግ በእጃችሁ ነው። ቦርዱ ይህን ማመልከቻ ተቀብሎ በስብሰባው እንዲመለከተው፥ የሚሰጠውንም መልስ በእኛም ቋንቋ ለማኅበረሰባችን እንዲያሳውቅ እለምናለሁ፤ ለትርጕሙ ሥራ እኔና ብጤዎቼ ያለ ዋጋ ለማገልገል ዝግጁ ነን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፥

አንድ የሴንት ፖል ነዋሪ፥ የወገኖቹ አስተርጓሚ

ግልባጭ፦
በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለሚገኙ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች፤
ለኢትዮጵያውያን የማኅበረሰብ ድርጅቶች፤
በጤና አገልግሎት ለተሰማሩ የአማርኛ፥ የኦሮምኛና የትግርኛ አስተርጓሚዎች።